የሙላት ቢጫ ጉንጭ

የእህቴ የልጅ ልጅ በቀደም ዕለት በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ። ካነሳችኝ በኋላ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችውና አሳየችኝ። ፊቴ ቢጫ ሆኗል፤ ዳር ዳሩ ቡናማ መስሏል፤ ጉንጬ ላይ ጠቃጠቆ ወጥቷል። "ምን አደረግሽኝ?" ብላት "የድሮ ፎቶ እንዲመስል ነው እቴቴ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚወደው ይህን ነው" አለችኝ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ የከረምኩት ፎቶ እንዲህ እንዳይሆን ነው። ጡረታዬም፣ ትንሽ ብትሆንም፣ የምትከፈለኝ ለዚሁ ነው።

"በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ ለደንበኛ ብንሰጥ ጉድ ይፈላ ነበር" አልኳት። "ምን ይሆናል? ሰው አይሞት" አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እውነቷን ነው፣ ሰው አልሞተም። ትዳር ግን ለጥቂት ተርፏል። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፣ ካነበበችው።

በሥራ ዘመኔ ሦስት ቦታ ሠርቻለሁ። መጨረሻ የነበርኩበት አዘዞ ውስጥ ያለ ባለ ቀለም ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚያ ማሽኑ ሁሉን ስለሚሠራ እኔ አዝራር እጫን ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ ፎቶ ሳጥብ ቆየሁ፤ ያየሁት ሁሉ ጭብጨባ ነው። ሥራ የተማርኩት ግን በመጀመሪያው ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር አራዳ ውስጥ ቀበሌ የወረሰው አንድ ፎቶ ቤት ነው። አስተማሪዬም ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ።

ጋሽ ፈንታሁን በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዜማው ላይ ድምፃቸው እምቢ ስላላቸው ትምህርቱን ትተው ከአንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ቤት በር ጠባቂ ሆነው ገቡ፤ በሩን እየጠበቁ ሥራውን ለመዱት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ሥራ ፍለጋ የሄድኩ ዕለት የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። አንድ ጠርሙስ ከፍተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉና "አሽትቺ" አሉኝ። አሸተትኩ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አስነጠሰኝ። "ሸጋ፤ ዱቄቱም ደህና ነው፣ አፍንጫሽም ደህና ነው። ነገ ነይ" አሉኝ።

ስለዚያ ዱቄት ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። የፎቶ ወረቀት ላይ ብር አለ። አዎ፣ እንደ አንገት መስቀሉ ያለ ብር፣ በዓይን በማይታይ ደቃቅ መልክ። ብርሃን የነካው ብር በመጀመሪያው ሳህን ባለው መድኃኒት ይጠቁርና ምስሉ ይወጣል። በመጨረሻው ሳህን ያለው ሃይፖ ደግሞ ያልጠቆረውን ጠርጎ ይወስዳል። በሁለቱ መካከል አንድ ሌላ ሳህን አለ፤ ውስጡ ውሃና ያ ጎምዛዛ ዱቄት ነው። የዱቄቱ ሥራ የመጀመሪያውን መድኃኒት "ይበቃሃል" ማለት ነው። ይበቃሃል ያልተባለ መድኃኒት ወረቀቱ ላይ እንደተጣበቀ ሃይፖው ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ሥራውን አያቆምም። ያኔ ፎቶው ቢጫ ይሆናል። አንዳንዱ ወዲያው ይሆናል፤ አንዳንዱ ደንበኛው ከፍሎ ከሄደ በኋላ ይሆናል። የሚከፋው ይሄኛው ነው።

ዱቄቱ በእርጅና ይሞታል፤ ሲሞት ግን መልኩ አይለወጥም። ጋሽ ፈንታሁን ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ያሸቱታል። ካስነጠሳቸው ሥራ ይጀመራል። ካላስነጠሳቸው "ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር" ብለው ይደፉትና ሎሚ ግዢ ብለው ይልኩኛል። በሎሚ የታጠበ ፎቶ ስንቱን አየሁ። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ፎቶዎቹን ይዤ ቀሃ ወንዝ እወርዳለሁ፤ ድንጋይ ጭኜባቸው ውሃው ላያቸው ላይ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የአንድ አስተማሪ ጉርድ ፎቶ አምልጦኝ ሄደ። ከታች ልብስ የምታጥብ ሴት አንስታ፣ ገልበጥ አድርጋ አየችውና "እንቺ፣ ባልሽን ውሃ ሊወስደው ነበር" ብላ መለሰችልኝ።

የጨለማው ክፍል ሰዓት ተበላሽቶ ነበር፤ ጠጋኙም ዘምቷል። ጋሽ ፈንታሁንን ግን ሰዓቱ ቸግሯቸው አያውቅም። ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። ለመጀመሪያው ሳህን የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ለጎምዛዛው ሳህን አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። ለሃይፖው ረጅም መዝሙር ከዳዊት። ያልተማሩትን ዜማ በጨለማ ውስጥ ይሞክሩታል፤ እኔ ሳህኑን እያወዛወዝኩ እሰማለሁ። ከዚያ ቤት የወጣ ፎቶ ዛሬም ጎንደር ውስጥ በየሰው ግድግዳ ላይ አለ፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ እንደሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን የቀበሌው ንብረት ኃላፊ ጓድ በላቸው ለቆጠራ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ፈሪ ሰው ደግሞ ደንብ ይወዳል። በጨለማው ክፍል በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየና ስንወጣ "በመንግሥት ንብረት ውስጥ ቅዳሴ ነው የምትቀድሱት?" አለ።

"ጊዜ እየለካሁ ነው" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"ጊዜ በመፈክርም ይለካል፣ አባት። የበላይ አካል ቢሰማ እኔም እጠየቃለሁ።"

ጋሽ ፈንታሁን የታዘዙትን አደረጉ። ለየሳህኑ መፈክር ተመደበ። ችግሩ ጸሎቱን እያጣጣሙ ነበር የሚደግሙት፤ መፈክሩን ግን ትኩስ ድንች አፉ እንደገባ ሰው ቶሎ ተፍተውት ይገላገላሉ። ኢምፔሪያሊዝም ገና ሳይወድም ወረቀቱ ሃይፖ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ዱቄቱ ከአዲስ አበባ መምጣት ስላቆመ በግማሽ እየቀነስን ነበር የምንበጠብጠው። ሥራው ፈጠነ፣ ጓድ በላቸውም ምርት ጨመረ ብሎ አመሰገነን። እኛም ከሳህኑ ሲወጣ ፎቶው ንጹሕ ስለሆነ ደስ ብሎን ሰጠን።

በዚያ ሰሞን ነው ሙላት የመጣው። ሙላት ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሽማግሌዎች ከዳባት በላይ ካለ አገር ልጅ አጭተውለት፣ የልጅቱ ቤተሰብ መልኩን እንዲያይ ፎቶ ሊልክ ነበር። ሁለት ጊዜ አነሳነው፣ የሚያምረውን መረጥን፣ ላከ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው "ልጄን በምን ቀባችሁት?" አሉ። አየሁት። ሙላት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ግራ ጉንጩ ላይ ግን የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ቢጫ ነገር ወጥቶበታል። በአሳቻ ቦታ፣ በአሳቻ ስፋት። ያን ያህል ወረቀት እያለ ከጉንጩ ላይ ማረፉ።

"የልጅቱ አባት መልሰው ላኩት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ለምጽ ካለበት ቤት አንጋባም፣ ዘራችንን አናበላሽም አሉ። ከሆስፒታል ማኅተም ያለው ወረቀት ላክን። እሱ የሚሠራበት ቤት አይደል ወይ፣ ማኅተሙንም የሚመታው ራሱ ነው አሉ። ልጁን ልኬ ላሳያችሁ ብል፣ መድኃኒት መሀል የሚውል ሰው ጉንጩን ምን ቀብቶ እንደሚመጣ ማን ያውቃል አሉ።" ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሙላትስ ወንድ ነው፣ ይችለዋል። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ለምጽ በዘር ነው የሚል ወሬ ዳባት ገበያ ከዋለ እነሱን ማን ይጠይቃቸዋል?"

ጋሽ ፈንታሁን ተነሱ። መሳቢያ ከፍተው ገና ያልተወሰዱትን ፎቶዎች ሁሉ አውጥተው ደጅ ፀሐይ ላይ ደረደሯቸው። ተቀምጠን ጠበቅን። የአንዱ ጆሮ ቢጫ ሆነ፣ የአንዷ አንገት፣ የአንድ ቄስ ጥምጥም። ቢጫው የወጣው ሳህን ውስጥ ሲተኙ አንዱ በአንዱ ላይ በተደረበበት ቦታ ሁሉ ነው። ጋሽ ፈንታሁን ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ከመፈክሩ ወዲህ ያጠብነው ነው" አሉ በሹክሹክታ። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞረን አየን።

እንዲያ ሲያዝኑ አይቻቸው አላውቅም። ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። "ስንቱን ሰው ሳሳምር ኖሬ፣ በመጨረሻ ደህናውን ልጅ ለምጽ አወጣሁበት" አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ ቁጣቸው በረደ፤ የልጅቱን አባት ስም ነገሩን። ደሴ ይባላሉ፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ጋሽ ፈንታሁን ስሙን እንደሰሙ ቀና አሉ። አያ ደሴ ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡ ጊዜ ጎንደር ወርደው ለመታወቂያ የተነሱት እኛው ቤት ነው። ኔጌቲቩ ሣጥን ውስጥ ነበር።

የይለፍ ወረቀት ስንጠይቅ ጓድ በላቸው ለምን እንደምንሄድ ጠየቀ። ጋሽ ፈንታሁን "የአንድ ሊቀመንበር ፎቶ ልናድስ" አሉት፤ ውሸትም አልነበረም፤ ጓድ በላቸው ሳያንገራግር ፈረመ። ጠርሙሶቹን በጋቢ ጠቅልለን፣ ሳህኖቹን ተሸክመን፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወጣን። ሙላት አብሮን መጣ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ ጥርሳችንን ያንቀጫቅጨው ጀመር፤ ሙላት ካፖርቱን አውልቆ ለሰው ሳይሆን ለሃይፖው ጠርሙስ አለበሰው። ያኔ ወደድኩት።

አያ ደሴ ግቢ ስንደርስ ሙላት ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ቀን ያልተቆረጠለት እጮኛ የልጅቱን ደጅ አይረግጥም። እኛ ገባን። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ የማኅበሩ አባላትም፣ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎችም፣ የሰማውን ሁሉ ወደ ወረዳ ያደርሳል የሚባለው ወጣቱ የማኅበሩ ጸሐፊም። አያ ደሴ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ "እና ፎቶ ይዋሻል ነው የምትሉኝ?" አሉ።

"አይዋሽም፣ ይታመማል እንጂ" አሉ ጋሽ ፈንታሁን። "ለምጹ የፎቶው ነው፣ የልጁ አይደለም።"

"ይህን በምን አውቃለሁ?"

"አያ ደሴ፣ የእርስዎ ዘር ንጹሕ ነው?"

"ምነው፣ ማን ይጠረጥረዋል?" ግቢው አጉረመረመ።

"እንግዲያው በንጹሕ ሰው ላይ፣ በእርስዎ በራስዎ ላይ፣ ዛሬ እዚሁ ፊት ለፊትዎ ለምጽ ባወጣስ?"

አያ ደሴ ግንባራቸውን ደባበሱ። ሰው ሁሉ እያያቸው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻሉም። ያሉት አንድ ነገር ነው፤ እንዳናታልል ፎቷቸው ሲታጠብ ከቤት አንድ ሰው አብሮን ይግባ። ልጃቸውን እንጉዳይን ጠሯት። "መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች፣ ያየችውን አትረሳም፣ የሰማችውን አታጣምም" አሉ። ያቺው የታጨችው ልጅ ናት። አንገቷን ደፍታ ፋኖስ ይዛ ቀደመችን።

የእህል ጎታ ያለበትን ጓዳ በደበሎ ጋረድነው። ይዘነው የመጣነው ቀይ መስታወት መንገድ ላይ ተሰብሮብን ስለነበር ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቀይ ጨርቅ አስመጥተን የእንጉዳይን ፋኖስ ሸፈንበት። ኔጌቲቩን በወረቀቱ ላይ አስተኝቼ፣ መስታወት ጭኜ፣ ጨርቁን ለቅጽበት ገለጥ አድርጌ ሸፈንኩት። ወረቀቱ የመጀመሪያው ሳህን ውስጥ ሲገባ የአያ ደሴ ጺም ቀስ እያለ መጣ፣ ከዚያ ዓይናቸው።

ለጎምዛዛው ሳህን ጋሽ ፈንታሁን አቡነ ዘበሰማያትን ደገሙ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ፣ እያጣጣሙ። እንጉዳይ "አሜን" አለች። አንደኛው ፎቶ አለቀ። ሁለተኛውን ጀመርን። ጎምዛዛው ሳህን ላይ ሲደርስ ጋሽ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዚያ ትኩስ ድንች በሚመስል አፋቸው መፈክሩን አወረዱት፤ ወረቀቱንም አንስቼ ሃይፖው ውስጥ በሌላ ወረቀት ሥር ከተትኩት።

"ምነው አያ ፈንታሁን?" አለች እንጉዳይ በጨለማው።

"ሥራ ነው ልጄ" አሏት።

ሁለቱን ፎቶ አጥበን በሰፌድ ላይ አድርገን ፀሐይ ላይ አወጣናቸው። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። አያ ደሴ ደስ አላቸው፤ "ያን ጊዜ ጺሜ ሸጋ ነበር" እያሉ ለሰው ያሳያሉ። ጸሐፊው ሳቅ አለ። እኔ እድፉ እምቢ ቢልስ ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ ጥላ መሰለ፣ ከዚያ የአንደኛው ፎቶ ግንባር እንደነበረ ሆኖ የሁለተኛው መሀል ግንባሩ ላይ ወየበ። የአያ ደሴ ሚስት "ወይኔ" ብላ ሮጣ የባሏን እውነተኛ ግንባር በነጠላዋ ጠረገች።

አያ ደሴ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩ። "አንድ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ነው፣ አንድ ውሃ ነው" አሉ። "ምን ለየው?"

"ችኮላ ነው" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"ምን አስቸኮለህ?"

ጋሽ ፈንታሁን ወደ ጸሐፊው አዩና መሬት አዩ። እውነቱን ቢናገሩ ማታ የት እንደሚያድሩ አይታወቅም፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ልጅ እንደ ቆመ ይቀራል። አያ ደሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እንጉዳይ፣ የሰማሽውን ተናገሪ።"

እንጉዳይ አላጣመመችም። "በንጹሑ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። በዚያኛው ጊዜ መፈክር አሰሙ" አለች።

ጸሐፊው ከኪሱ እስኪርብቶ አወጣ። ለሙላት ብለን መጥተን እኛው ልንታሠር ነው አልኩ በልቤ።

"ጸሐፊ፣ ጻፍ" አሉ አያ ደሴ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"መፈክር በችኮላ አይባልም። ቀስ ተብሎ፣ ከልብ ነው የሚባል። አቶ ፈንታሁን መፈክር አቻኩለው በማሰማታቸው ፎቶ ስለተበላሸ በሊቀመንበሩ ተገሥጸዋል። ጻፍክ?"

ጸሐፊው ጻፈ። አያ ደሴ ንጹሑን ፎቶ ለሚስታቸው ሰጡ። የወየበውን አገላብጠው አዩና "ይሄ ጽሕፈት ቤት ይሰቀል፤ ማኅበሩ ከችኮላ ይማርበት" አሉ። ከሊቀመንበርነት እስኪሻሩ ድረስ እዚያው ተሰቅሎ ኖረ። ከወረዳ የሚመጡ ሰዎች እሱን አይተው የአያ ደሴን እጅ ለመጨበጥ ይፈሩ፣ ረጅም ስብሰባም አያስቀምጧቸውም ነበር አሉ። ሙላትን ያን ዕለት ወደ ግቢ አስገቡት። አክስቶች ተሰብስበው ጉንጩን አንዷ በጣት፣ አንዷ በነጠላ ጫፍ ፈተሹለት፤ እሱም እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ጎንደር ስንመለስ ጋሽ ፈንታሁን ለጓድ በላቸው መገሠጻቸውን ራሳቸው ነገሩት። ጓድ በላቸው ተግሣጹ በጣም ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲያ መፈክር በእኛ ቤት ቀስ ተብሎ ይባል ነበር። ጋሽ ፈንታሁን አንዱን ቃል ብለው ሌላውን እስኪሉ ድረስ በመሀሉ ከንፈራቸው ብዙ ይንቀሳቀሳል። በመሀሉ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኳቸውም። ፎቶው ግን መወየቡን ተወ።

ሰርጉ ላይ ፎቶ ለማንሳት ወጣሁ። ለሙሽሪት ብዬ የሙላትን ያን ፎቶ እንደገና አጥቤ፣ ሙሉ ዱቄት ጨምሬ፣ ንጹሕ አድርጌ ይዤላት ነበር። ሴቶቹ ሲያስጌጧት በቆዩበት ጓዳ ገብቼ ሰጠኋት። አየችው፣ ፈገግ አለች፣ መለሰችልኝ። ከትራሷ ሥር የወየበውን የሙላትን ፎቶ አወጣች፤ እናቷ ከእትዬ ጥሩወርቅ ለምና አስመጥታላት ኖሯል።

"ያ ተበላሽቷል እኮ፣ ይሄን ያዢ" አልኳት።

"አይ እታለም፣ በዚህ ነው የለመድኩት" አለችኝ። "ፎቶው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እኔም አይቼው ነበር። ጉንጩ ላይ ያለውንም አይቻለሁ። ለምጽም ቢሆን ዓይኑ ደግ ነው፣ እሺ ልል ነበር። አባቴ ሽማግሌ ሰበሰበ፣ አክስቶቼ መከሩ፣ ወረቀት መጣ፣ እናንተ መጣችሁ። እኔን ግን ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው የለም።"

ሚዜዎቹ መጥተው ሲጠሯት ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከልኩላት፣ ንጹሑንም ፎቶ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።